ደብተራ ስንሻው የፋቀው ስም

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ምን ያህል ይወጣዋል? ደብተራ ስንሻው ሰባ አንድ ዓመት ኖሯል። በነዚያ ዓመታት አሥራ ዘጠኝ መጻሕፍት በእጁ ጽፏል፤ አንዲት ሴት ልጅ ድሯል፤ ሚስቱን ቀብሯል፤ ከሠላሳ በላይ ክረምት ቅኔ ማኅሌት ቆሞ አድሯል። ይህ ሁሉ ሕይወት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን እርሱን ባሰብሁ ቁጥር ይህ ሁሉ እንደ ገለባ ይነሣና የሚቀርልኝ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በሠላሳ ሦስት ቦታ የተፋቀ ብራና ነው። ሠላሳ ሦስቱ ቦታዎች ተቆርጠው ቢገጣጠሙ ከአንድ ሰው መዳፍ አይሰፉም። ሰውየው በዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ ውስጥ ገብቶ አልወጣም።

አገሩ አገሬ ነው፤ ድንጓ ማርያም፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ። እኔ በልጅነቴ ወጥቼ በዋና ከተማ ታሪክ አጥንቼ የተመለስሁ ነኝና የነገሩን መጀመሪያ በዓይኔ አላየሁትም። ያወቅሁት ከንስሐ አባቱ ከመምሬ ጫኔና ከራሱ ከስንሻው አፍ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ነበርሁ። ባልነበርሁ ይሻለኝ ነበር።

ስንሻው በጊዜው በቆላም በደጋም የታወቀ ቁም ጸሐፊ ነበር። የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ፣ ጠጉሩንና ስቡን ፍቆ፣ በድንጋይ አለስልሶ፣ በወስፌ መስመር አስምሮ፣ መቃውን ቀርጾ ሲቀመጥ ደብሩ ሁሉ «ዝም በሉ፣ ስንሻው ተቀምጧል» ይል ነበር። ፊደሉ እንደ ጥሩ አጥር ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። ይሁን እንጂ ዝናው የመጣለት በፊደሉ አልነበረም፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ቅጠል ላይ በሚጽፈው ግዝት ነው። ማንኛውም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲጨርስ «የሰረቀ የፋቀ የተወገዘ ይሁን» ብሎ ይዘጋል። ለሌሎች ይህች አንዲት መስመር ናት። ስንሻው ግን ያሰፋታል፤ ያስጌጣታል። አንዱን መጽሐፍ የሚሰርቅ ሰው እህሉ በአውድማ እንዲያረጅ፣ ሌላውን የሚፍቅ ጥላው ከኋላው እንዲቀር ይጽፋል። መጽሐፋቸውን በሌላ ጸሐፊ ያስጻፉ ደብሮች እንኳ የመጨረሻዋን ቅጠል ብቻ እንዲጽፍላቸው ወደ እርሱ ይልኩ ነበር።

መምሬ ጫኔ ጓደኛውም ነበሩና አይተውትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምስጋናውን በአንድ ቅጠል ጨርሰህ እርግማኑን በሁለት ትዘረጋዋለህ። ሲኦል ዘመድ አለህ እንዴ?»

«ዘመድ እንኳ የለኝ፤ የምልከው ሰው ግን አላጣም።»

«ለዚህ እኮ ነው እኔ ሁልጊዜ ጠላ የምጋብዝህ፤ እንዳትልከኝ ብዬ!»

«ጫኔ ሙት፣ ወደዚያ የሚያስኬደኝስ ያንተ ጠላ ነው!»

ይስቁ ነበር። ስንሻው ያን ጊዜ ግዝትን እንደ ሐረግ ጌጥ ያየው ነበር ብል አልዋሸሁበትም፤ እርሱም ኋላ ይህንኑ ነግሮኛል። እኔ በትምህርቴ ብዙ ግዝት አይቻለሁ። ነገሥታቱ መሬት ሲሰጡ በወታደር አጥረው አልበቃቸውም፤ በቃልም አጠሩ። መነኮሳቱ ሲከራከሩ አንዱ ሌላውን አወገዘ፤ የተወገዘውም ያወገዘውን መልሶ አወገዘ። ብዙዎቹ ዛሬ አቧራ ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። ጉልበት ላለው እርግማን ትርፍ ነገር ነው፤ ጉልበት ለሌለው ግን ቁልፉም፣ ዘበኛውም፣ ዳኛውም እርሱ ብቻ ነው። ስንሻው ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ የሚቆልፍለት ሰው ማን እንደሆነ ግን አላሰበበትም።

እማማ አንጓች የምትባል ባልቴት ነበረች። አንድ ልጅ ነበራት፤ ምናለ ይባላል፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሐና። ፍየል ነጋዴ ነበር። ከማዶ ገበያ ሲመለስ ዓባይ ወሰደው፤ ሬሳው አልተገኘም። ሬሳ ያልተገኘለት ሰው መቃብር የለውም፤ እናቱ የምትቀመጥበት ድንጋይ የላትም። ቤቷ የቀሩት ፍየሎቹ ነበሩ። እማማ አንጓች ከተዝካሩ ጊዜ ጀምራ እያረደች ሥጋውን ለነዳያን አበላች፤ ቆዳውን ወደ ስንሻው ቤት ተሸክማ መጣች። የተአምር መጽሐፍ እንዲጽፍላትና በልጇ ስም ለማርያም እንድትሰጥ ነበር።

«ይቺ ቦቃዋ ናት» ትለዋለች ቆዳውን እያስቀመጠች። «ምናለ ነፍሱ ነበረች።»

«እማማ አንጓች፣ ብራና ከሆነች ወዲያ ቦቃነቷ አይታይም።»

«ላንተ አይታይህ ይሆናል።»

መጽሐፉ ሠላሳ ሦስት ተአምር ነበረው። በእያንዳንዱ ተአምር መጨረሻ «በረከቷ ከአገልጋይዋ ከወልደ ሐና ጋር ይሁን» ይላል፤ ስሙ በቀይ ቀለም። በዓመቱ ንግሥ ሠላሳ ሦስቱም ተነብበው ያልቃሉ። እንግዲህ የልጁ መቃብር ይህ መጽሐፍ ሆነ፤ ሥጋው ፍየሎቹ፣ ሐውልቱ ስሙ።

መጽሐፉን ያስረከባት ዕለት ስንሻው የመጨረሻዋን ቅጠል በአማርኛ እየተረጎመ አነበበላት። ለዚህች ባልቴት ተጠብቦባት ነበር። «ይህን መጽሐፍ በስርቆት ወይም በጉልበት የወሰደ፣ በውስጡ ካለው ስም አንዲቱን እንኳ የፋቀ፣ የጨመረ፣ የለወጠ፣ እጁ በመቃብር ብቻዋን ነቅታ ትኑር፤ ስሙን የሚጠራለት አይገኝ፤ በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ ይሁን» ይላል። አንጓች እልል አለች። «እሰይ! አሁን ልጄ በር ተዘጋለት» ብላ የስንሻውን እጅ ሳመች። ያችን መሳም ስንሻው እስኪሞት ድረስ ያነሣት ነበር። በየትኛው ጣቱ ላይ እንዳረፈች ሁሉ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ንግሥ አንጓች ሠላሳ ሦስት ሽምብራ ይዛ በሴቶች በኩል ትቆማለች። ልጇ በተጠራ ቁጥር አንዷን ሽምብራ ከቀኝ እጇ ወደ ግራ ታሳልፋለች። ቀኝ እጇ ባዶ ሲሆን ተሳልማ ትሄዳለች። ስድስት ዓመት እንዲህ አደረገች።

በሰባተኛው ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ሣር ክዳን ዘመመ፤ ዝናቡ እስከ መቅደሱ ገባ። የአገሩ ባለ ርስት ቀኛዝማች ደምለው በቆርቆሮ ላልብሰው አለ። ሚስቱ ታማ ነበር፤ የምትድን አልመሰለችም፤ በሁሉም ቤት የምትወደድ ደግ ሴት ነበረች። በምላሹ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ በሚያምረው መጽሐፍ ውስጥ የሚጠራው የሚስቱ የክርስትና ስም፣ ወለተ ኪሮስ፣ እንዲሆንለት። አዲስ መጽሐፍ እስኪጻፍ አትቆይልኝም አለ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ በሪሁን፣ ስንሻውን አስጠሩት።

«አለቃ፣ ግዝት አለበት እኮ» አለ ስንሻው።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ታዲያ የገዛ ውሻህን ትፈራለህ?»

«ባልቴቷስ?»

«ዝናቡ በታቦቱ ላይ እየወረደ አንተ ባልቴት ትቆጥርልኛለህ? እግዜር ስሙን ያውቀዋል፤ በቀለም ካልተጻፈ ይረሳዋል አሉህ? ደግሞ ያሰርኸው አንተ ነህ፤ ያሰረ እጅ ይፈታል።»

የመጨረሻዋ ቃል ገባችበት። ጸሐፊ ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። ግዝቱን እኔ ስለጻፍሁት የኔ ነው አለ፤ ቋጠሮውን የቋጠረ ጣት የቋጠሮው ባለቤት መሰለው። በር የሠራ አናጢ ቤቱ የኔ ነው እንደማለት መሆኑ ያን ጊዜ አልታየውም። እምቢ ቢል የሚያርሰውን የደብሩን መሬት እንደሚነጥቁት ማንም አላለውም፤ እርሱም አላለኝም። «ማንም አላስፈራራኝም» አለኝ፤ «ቢያስፈራሩኝ ኖሮ ዛሬ የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር።»

ሦስት ቀን በምላጭና በድንጋይ ሠላሳ ሦስቱን ስም ፋቀ። ወለተ ኪሮስ ከወልደ ሐና በአንድ ፊደል ስለሚረዝም ፊደሎቹን አጥብቦ ጻፈ። ቆርቆሮው በሸክም መጣ፤ ቀኛዝማችም ሥራውን ሊያይ መጣ። መጽሐፉን ገልጦ የሚስቱን ስም በጣቱ ዳሰሰና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ የመጨረሻዋን ቅጠል አስነበበ።

«ይቺን እንዳትነካብኝ» አለ። «ይቺ ትቆይ። ለሷ ስም ዘበኛ ትሁናት።»

ስንሻውም አልነካትም።

በንግሡ ዕለት የመጀመሪያው ተአምር አልቆ «ከአገልጋይዋ ከወለተ ኪሮስ ጋር» ሲባል አንጓች አንባቢው የተሳሳተ መሰላት። ሁለተኛው ሲባል ጎረቤቷን «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ሦስተኛው ላይ ሽምብራዋን በቀኝ እጇ ጨበጠች። እስከ መጨረሻው ቆመች። ሕዝቡ ሲበተን ወደ ስንሻው ደጅ ሄዳ ቀኝ እጇን ዘረጋችለት፤ ሽምብራዎቹ በላብ ረጥበው ነበር።

«ደብተራ፣ ዛሬ አንዷም አላለፈች።»

ስንሻው ስለ ጣራው ሊነግራት ጀመረና አቆመ።

«ስትፍቀው ያማል?» አለችው።

«ምኑ እማማ?»

«ቆዳው። ስትፍቀው ድምፅ አለው?»

እግሯ ላይ ወደቀ። «እማማ ይርገሙኝ! ሰው ይስማ፣ እዚሁ ደጄ ላይ ቆመው ይርገሙኝ!»

«ምን ትተህልኝ ነው የምረግምህ? አንተው ጽፈህ ጨርሰኸዋል። አንብበህልኝም የለ? እኔ መሃይም ነኝ፤ አንተ ያልኸኝን ነው የማውቅ።» ከዚያ ሽምብራውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «ስሙን መልስልኝ። የመለስኸው ዕለት እግዜር ይፍታህ እልሃለሁ። እስከዚያ ግን ከአፌ አይወጣም፤ ብሞትም አይወጣም።»

ስንሻው ወደ መምሬ ጫኔ ሮጦ ሄደ። መምሬ ጫኔ ያን ቀን አልቀለዱም። «እኔ ከበደልሃት ሴት አልፌ ልፈታህ አልችልም» አሉት። «ቀኖና ልስጥህ፤ ስገድ፤ ጹም። መፍታቱ ግን በእርሷ አፍ ነው። በሕይወት ሳለች ቶሎ በል።»

እንግዲህ የሰውየው ጉዳይ ይህ ብቻ ሆነ። አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ሳትሞት ስሙን መመለስ። ከዚህ ሌላ ረኃብም፣ ርስትም፣ ዘመንም አልታየውም።

አስቀድሞ አለቃ በሪሁን ዘንድ ሄደ። «ለሦስት ቀን መጽሐፉን ይስጡኝ፤ ፍቄ የቀድሞውን ልመልስ» አላቸው። አለቃ መጽሐፉን ከማኅደሩ አወጡና መጨረሻውን ገለጡ።

«ና አንብብልኝ። ዓይኔ ደክሟል።»

«የፋቀ… የጨመረ… የለወጠ…»

«አንዲቱን እንኳ ይላል አይደል? ይህ ያንተ ጽሕፈት አይደለም?»

«ነው።»

«አንድ ጊዜ ፍቀህ እንዲህ ከሆንህ ሁለተኛ ስትፍቅ ምን ልትሆን ነው? የፈቀድሁልህስ እኔ?»

«አለቃ፣ መጀመሪያም የፈቀዱት እርስዎ ነዎት።»

አለቃ መጽሐፉን ዘጉ። «ያን ጊዜ ጣራው ያፈስ ነበር» አሉ። «አሁን አያፈስም። ውጣልኝ።»

ወጥመዱን ያን ጊዜ አየው። ግዝቱን የጻፈው ለወልደ ሐና ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው ወለተ ኪሮስን ነው። ያች ቅጠል የማንንም ስም አትመርጥም፤ ያገኘችውን ትጠብቃለች። በጎን ልጻፍ ቢል የጨመረ ይላል። ልፋቅ ቢል የፋቀ ይላል። ለሌባ መውጫ እንዳይኖረው አድርጎ ሲጽፍ ለራሱም መውጫ አላስቀረም። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን አንዲት መስመር ጽፎ ባለፈና አንድ ቀዳዳ ባገኘ ነበር። የገዛ እጁ ብልሃት አሰረው።

ቀኛዝማች ዘንድም ሄደ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። ቀኛዝማችን ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ጌታዬ፣ የባልቴቷ ልጅ መቃብር የለውም። እመቤቴ ግን መቃብር አላቸው፤ ሐውልት ማቆም ይችላሉ…»

«ስንሻው፣ ሚስት ነበረችህ?»

«ነበረችኝ ጌታዬ፤ ሞታለች።»

«እሷን አውጥቼ ሌላ ሰው ልቅበርበት ብልህ ምን ትለኛለህ?»

ስንሻው ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የአንጓች ልጅ ሞቷል። የኔም ሚስት ሞታለች። አሁን ማንን ደግመህ ግደል ልትለኝ መጣህ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔስ የማንን ስም እንዳስፋቅሁ የማላውቅ ይመስልሃል? አውቃለሁ። በየሌሊቱ አውቃለሁ። ግን አልችልም። ሂድ ወንድሜ» አለው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ስንሻው በጠላው ነበር፤ ጥላቻም አንድ ማረፊያ ነው።

አዲስ መጽሐፍ ልጻፍልዎ ብሎ አንጓችን ለመናት። «የማን ፍየል አለህ?» አለችው፤ በዚያው አለቀ።

ሦስት ዓመት ተመላለሰ። አንጓች በየንግሡ ሽምብራዋን ይዛ ትመጣለች፤ ቆማ ታዳምጣለች፤ ሁሉንም በቀኝ እጇ ይዛ ትመለሳለች። ስንሻው በወንዶች በኩል ሆኖ እጇን ብቻ ያያል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ታመመች።

ሊያያት ሲሄድ መምሬ ጫኔ መንገድ ላይ ያዙት። እኒህ ሰው ጓደኛቸውን ይወዱት ነበርና የማይሉትን አሉት።

«ስማኝ። መልሼዋለሁ በላት። ዓይኗም ጠፍቷል፤ ንግሥ አትደርስም። አንዲት ቃል ናት። ትፍታህና በሰላም ትሂድ፤ እሷም ደስ ይበላት። ኃጢአቱን በኔ አድርገው።»

«ጫኔ፣ ማንበብ የማትችልን ሴት ሁለት ጊዜ ልዋሻት?» አለ።

ገባ። አንጓች ድምፁን ለየችው።

«ደብተራ ነህ? መለስኸው?»

«አልመለስሁም እማማ። ከለከሉኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«አንዷንስ?»

«አንዷንም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የሚፈታውም የሚያስረውም ቃል አልወጣትም። በማግሥቱ ሞተች። በነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረውን ሽምብራ ከእርሷ ጋር ቀበሩት፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ስንሻው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መቃ አልጨበጠም፤ ከቅጽሩ ውስጥም አልገባም። ማንም አላወገዘውም፤ አንድ ካህን ቆሞ ስሙን ጠርቶ አልለየውም። መከራውም ይኸው ነበር፤ ያወገዘው ሰው ቢኖር ሄዶ በለመነው። ከግንቡ ውጭ ከወይራው ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። ዝናብ ሲሆን «ግባ እንጂ» ይሉታል። «ጣራውን አውቀዋለሁ» ይላል። ቀኝ እጁ እየተንቀጠቀጠች መጣች፤ እንጀራ እንኳ በግራው ይጎርስ ጀመር። አገሩ ግዝቱ ነው አለ። እኔ በከተማ ይህ በሽታ ያለባቸው፣ ብራና ያልነኩ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ይህን ስነግረው አዘነልኝ። «የተማርኸውን አትጣለው ልጄ» አለኝ፤ «ግን እጄ የማንን ስም ስታነሣ እንደምትብስ አላየህም።»

እኔ የደረስሁት በዚህ ጊዜ ነው። ዘመኑ ተለውጦ፣ የቀኛዝማች ርስት ተወርሶ፣ እርሱም አለቃ በሪሁንም ሞተው፣ የጥንት መጻሕፍት ይመዝገቡ ተብሎ እኔ ለአገሬ ደብሮች መዝጋቢ ሆኜ ተላክሁ። ስንሻው ወሬውን ሲሰማ የሆነውን መምሬ ጫኔ ነግረውኛል። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጉሩን ተላጨ፤ ልብሱን አጠበ።

መጽሐፉን ከወይራው ሥር ጠረጴዛ አውጥቼ ስመዘግብ መጥቶ ቆመ። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረኝ፤ አልደገመም፣ አላለቀሰም። ከዚያ፣ «አንተ ሹም ነህ፤ እዘዝልኝና ሠላሳ ሦስቱን ልመልስ» አለኝ።

«የኔታ፣ ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ቅርስ ነው። ቁጥር ተሰጥቶታል።»

«የከለከሉኝ እኮ ሁሉም ሞተዋል። ማን ቀረ?»

«ሕጉ።»

«ግዝት ነው እሱ?»

«ግዝት አይደለም። ግን የነካው ይታሠራል፤ ያስነካው እኔም አብሬ።»

ፈገግ ያለ መሰለኝ። «ታዲያ ምን ለያቸው?» አለ። ከዚያ እንደ ገበያ ሰው፣ ወይም ለምትጠፋ ከተማ ከፈጣሪው ጋር እንደተከራከረ ሰው፣ ቁጥሩን ይቀንስልኝ ጀመር። «አሥሩን። አሥሩም ይብዛ፤ አምስቱን። እሺ፣ አንዲቷን። ከመጨረሻው ተአምር ላይ፣ ማንም የማያይበት። በአንዷ ሽምብራ ትፈታኝ ነበር፤ አንዷንስ ብላኛለች እኮ!»

እምቢ አልሁት። በመዝገቤም፣ ቃሉ ዛሬም እንደዚያው አለ፣ «በሠላሳ ሦስት ቦታ የቀድሞ ባለቤት ስም ተፍቋል፤ ስሙ አይነበብም» ብዬ ጻፍሁ። ስሙን አውቅ ነበር። ስሙን የፋቀው ሰው አጠገቤ ቆሟል። ነገር ግን መመሪያው በብራናው ላይ የሚታየውን ብቻ ጻፉ ይላል፤ እኔም በንጹሕ ጽሕፈት የታየኝን ብቻ ጻፍሁ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ሰው ሳይራገም እንዴት እንደሚያወግዝ ግን የተማርሁት ያን ቀን ከገዛ እጄ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ስንሻው ወደቀ። ንግሡ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። መምሬ ጫኔና እኔ ጠዋት ሄድን። ልጁ ከጀርባው ደግፋ አስቀመጠችው።

«ጫኔ፣ ጠላ ይዘህ መጣህ?»

«አሁን እንኳ አትተወኝም?»

«እልክህ ነበር እኮ ወደዚያ፤ እኔ ቀደምሁህ።» ሳቁ መጣና በሳል ታነቀ። ትንፋሹ ሲመለስ ሁለታችንንም አየን።

«ምላጭ አልጠይቅም። ቀለም አልጠይቅም። ብራናው እንዳለ ይሁን፤ ወለተ ኪሮስም ትኑር፤ ምን በደለችኝ? ጫኔ፣ በንግሡ የምታነበው አንተ ነህ። ከሠላሳ ሦስቱ በአንዷ ላይ፣ በየትኛዋም ይሁን፣ ወልደ ሐና በልልኝ። በአፍህ ብቻ። አንድ ጊዜ።»

መምሬ ጫኔ መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። «የለወጠ ይላል ስንሻው» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ነህ የጻፍኸው። እፈራለሁ።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ግዝት አትፈራም። ከሕዝቡ መካከል ቆመህ ብትለውስ?»

አየዋለሁ አልሁት። አየዋለሁ የሚባለው እምቢ ማለት ላቃተው ሰው ነው፤ እርሱም አውቆታል፤ ዓይኑን ጨፈነ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ፍትሐቱን መምሬ ጫኔ እያለቀሱ አደረሱ።

ንግሡ ደረሰ። ሄድሁ፤ በወንዶች በኩል ቆምሁ። ቆርቆሮው በፀሐይ ይጮኻል። መምሬ ጫኔ እያንዳንዱ ተአምር ሲያልቅ ትንሽ ዝም ይላሉ። ሠላሳ ሦስት ጊዜ ዝም አሉ፤ ሠላሳ ሦስት ጊዜም የተጻፈውን አነበቡ። እኔም ከሕዝቡ ጋር አሜን አልሁ። ያ ሰው የለመነን አንዲት ስም ነበረች፤ በአፍ ብቻ፣ አንድ ጊዜ።